ከ30 ዓመት በኋላ ደሴ ላይ መገናኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ2017 ጥር መጨረሻ የ1985 የመምህራን ማሠልጠኛ ተመራቂዎች ደሴ ላይ ተገናኘን። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሊሞላን ጥቂት ወር ነበር የቀረን። ካስተባበሩት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። "እኛም ልናደርግ ነው፤ እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?" የሚሉ የሌላ ባች ልጆች ይደውላሉ። ልጆች ስል ትንሿ ሃምሳን ያለፈች ናት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ስመልስ ድምፄ ሊዘጋ ስለሆነ ይኸው ጻፍኩት።

ይህን ሁሉ ዓመት ያልተያየ ሰው ከየት ይገኛል?

ከኦቶግራፉ ጀምሩ። ያኔ ሁላችንም አንዳንድ ደብተር ነበረን፤ ጽጌረዳ የተለጠፈበት፣ "ባሕር ቢደርቅ አልረሳሽም" የተባለበት። ግጥሙን እለፉት። ከሥር ያለውን አድራሻ ተመልከቱ። የእኛ ጊዜ 12ኛን ጨርሶ፣ አንድ ዓመት ሠልጥኖ፣ ዕጣ የሚወጣበት ነው። አንዱ መካነ ሰላም፣ አንዷ ሰቆጣ፣ ሌላው ወገል ጤና ደረሰው። ሞባይል ገና አገር ውስጥ የለም፤ የገባው በ1991 ነው፣ ያውም አዲስ አበባ። ስለዚህ አድራሻው "በአቶ እገሌ ሱቅ በኩል ይድረሰው" ይላል። እኔ "ያ ሱቅ እስከ አሁን ይኖራል እንዴ!" ብዬ ንቄው ነበር። አንዱ ጓደኛችን ለሥራ ወደዚያው ሲሄድ ፈልጎ አገኘው። አሁን የሚሸጠው የባለሱቁ ልጅ ነው። የመምህሩን ስም ሲጠራለት "እሱማ አማቻችን ነው" ብሎ እዚያው ቆሞ ደወለለት።

ሴቶችን ማግኘት ይከብዳል የሚሉ አሉ። በወረቀት ከሆነ አይከብድም፤ እኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ሰፈር ውስጥ ግን በስሟ ብትጠይቁ የሚያውቃት የለም። "የእገሌ እናት" ነው የምትባለው። የበኩር ልጇን ስም ካገኛችሁ እሷን አገኛችሁ ማለት ነው።

የሚያስቸግሩት ወንዶቹ ናቸው። ወሎ ውስጥ "ሰይድ አሊ" የሚባል ሰው ፈልጉ እስቲ! የእኛ ባች ብቻ ሦስት ነበሩት፤ ረጅሙ፣ ቀዩ እና ኳስ ተጫዋቹ። ቀዩ ጠቁሯል፣ ኳስ ተጫዋቹ በምርኩዝ ይሄዳል። ስለዚህ የአያት ስም ያስፈልጋችኋል። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ሰው ካላችሁ ደግሞ እሱን አትልቀቁት።

አንድ ሰው ሲገኝ ሁለት ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች አምስት ወር ፈጁብን፤ የቀሩት በስድስት ሳምንት ተገኙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "እሱማ ሞቷል" የሚል ወሬ ስትሰሙ ቤተሰቡን ሳትጠይቁ ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉ። እኛ ለጥፈን አርባ ምናምን ሰው "ነፍስ ይማር" ብሎ ጽፎለታል። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ራሱ ቴሌግራም ላይ ገብቶ "ሰላም ለሁላችሁ፣ ስላስታወሳችሁኝ አመሰግናለሁ" አለ። እስከ አሁን "ሟቹ" ነው የምንለው። እሱም ወዶታል።

መቼ ብናደርገው ይሻላል?

መምህር የሚያርፈው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ ደግሞ ደሴ ዝናብ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ ፒያሳ ቆማችሁ የጦሳ ተራራ አይታያችሁም። ለናፍቆት ጥሩ ነው፤ ለድንኳን አይሆንም።

ሁለተኛው ነገር ጾም ነው። በ2017ም ሆነ በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን የጀመሩት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለቱንም ተመልከቱ። ረቡዕና ዓርብንም አትርሱ።

እኛ ከጥምቀት በኋላ፣ ከጾሙ በፊት፣ ትምህርት ቤቶች በሴሚስተር እረፍት ላይ ሳሉ አደረግነው። አየሩ ደረቅ ነው፣ ቅዳሜ ነው፣ የፍስክ ነው። ሁሉን ያሰብን መስሎን ነበር። ጥር የሰርግ ወር መሆኑን ግን ሦስታችንም ረስተነዋል።

አዳራሽ ይሻላል ወይስ ቤት?

አዳራሽ ብለን ነበር። ከሦስት ወር በፊት አንድ ሆቴል ቀብድ ከፈልን። ሐሙስ ማታ፣ ሰው ከጎንደርና ከአዋሳ መንገድ ከጀመረ በኋላ፣ ተደወለልን። "ሰርግ ገብቶብናል፣ በረንዳውን እንስጣችሁ?" ተጨቃጨቅን። ቀብዱ ተመለሰ፣ አዳራሹ ግን አልተመለሰም።

ያን ሌሊት ሆጤ የምትኖር አንዲት ጓደኛችን "የእኔ ግቢ ምን ሆነ?" አለች። ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ከዕድሯ አስወጣች። የዕድሩ ዳኛ "ለለቅሶ ብቻ ነው ያለው ማን ነው፤ ለደስታም ውሰዱ" አለ አሉ። እግዜር ይስጠው።

አሁን ስትጠይቁኝ ያለ ማመንታት ቤት እላለሁ። አዳራሽ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ከድሮ የልብ ጓደኛው ጋር አንድ ጠረጴዛ ይይዝ ነበር። አንድ ሰው ማይክ ይይዛል፤ እኛ እናጨበጭባለን። አግዳሚ ላይ ግን አጠገብህ የተቀመጠውን አትመርጥም። ደግሞ ሥራ አለ። ትልቅ ኃላፊ የሆነ አንድ ጓደኛችን ሱፉን ለብሶ ሲገባ ማንም "እንኳን ደህና መጡ" አላለውም። አንዷ ነጭ ሽንኩርት በሰፌድ ሰጠችው። ኮቱን አውልቆ፣ ከራቫቱን ወደ ትከሻው ጥሎ ሲልጥ ዋለ። እሱን ለማናገር ያፈሩ ሁሉ ሽንኩርት ለመላጥ ብለው እየመጡ ተቀመጡ።

ሙስሊምም ክርስቲያንም ስላለን ምግቡን እንዴት እናድርገው?

ይህን የሚጠይቁት ሌላ አገር የኖሩት ናቸው። ወሎ ያደገ ሰው ጥያቄው አይገባውም። ሁለት በግ ይገዛል። አንዱን ሙስሊም ያርዳል፣ አንዱን ክርስቲያን። ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ምድጃ። ሽሮና ምስሩ የጋራ ነው። ጠላው በአንድ በኩል፣ ብርዝና ቀሪቦው በሌላ በኩል።

ምልክት ግን በደንብ አድርጉ። እኛ የአንደኛውን ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰርን። ወጡ ደርሶ ሰው እጁን ሲታጠብ "ቀዩ የማን ነበር?" የሚል ጥያቄ ተነሳ። ያሰረችው ሴትዮ በረዶ ልትገዛ ወጥታለች፤ ስልኳን ቤት ጥላ። ስልሳ ሰው ሁለት ድስት ከብቦ ሃያ ደቂቃ ጠበቀ። ማንም አልደፈረም። መጥታ በሩ ላይ "የእስላሙ ነው!" ስትል የተጨበጨበላት ጭብጨባ ለሰርተፊኬታችንም አልተጨበጨበም።

በነጋታው ሐይቅ ወረድን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዓሣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ለሁለተኛ ቀን ዓሣን የሚያህል የለም፤ ማን አረደው ተብሎ አይጠየቅም።

"አንተ" ልበለው ወይስ "እርስዎ"?

ትስቁ ይሆናል፣ ግን ከሁሉ በላይ የተጠየቅኩት ይህ ነው። ትክክል ናቸው። ከላይኛው አልጋ ይተኛ የነበረው ልጅ አሁን ቄስ ነው። ሌላው ሐጅ አድርጎ ተመልሶ ሰፈሩ በሙሉ "ሐጂ" ይለዋል። አንዷ የልጅ ልጅ አይታለች። እንዴት "አንቺ" ይባላል?

እኛ በድንኳኑ ውስጥ "አንተ" እና "አንቺ" ብቻ ብለን ወሰንን። የማንም ልጅ ሲገባ ወደ "እርስዎ" እንመለሳለን፤ ልጅ ፊት አባቱን አናቀልም። ቄሱን በተመለከተ ግን ውሳኔያችን አልሠራም። ሲገባ ሁላችንም ተነሳን። መስቀሉን አወጣና አሳለመን። ሙስሊሞቹ እጁን ጨበጡት፣ ትከሻ ተገጫጩ። አንዱ ተሳልሞ ቀና ሲል "አባ፣ የወሰድክብኝን ካልሲ ግን አልረሳሁም" አለው። ቄሱ መስቀሉን እንደያዘ ሳቀ፤ የሳቁ ድምፅ ያው የዶርሙ ሳቅ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ብለን እንደጠራነው አላስታውስም። ግማሹ "አባ፣ አንተ" ይል ነበር መሰለኝ።

ስሙ ቢጠፋኝስ?

ይጠፋችኋል። ደረት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አዘጋጁ፤ ስም ከነአባት፣ የዶርም ቁጥር፣ በትልቁ። መነጽር ያልያዘ ሰው ይኖራል።

"አወቅሽኝ?" ብሎ መፈተን ግን ክልክል ይሁን። ዝም ብላችሁ ስማችሁን ተናገሩ። "ወፈርሽ"፣ "ሸበትክ"፣ "ምነው እንዲህ ከሳሽ" የሚለውንም ተዉት። መስታወት ሁሉም ቤት አለ።

እኔ ያው መምህር ነኝ፤ እነሱ የት የት ደርሰዋል። ምን ይዤ ልሂድ?

ይህንን ማንም በግልጽ አይጠይቅም። "ሥራ ይበዛብኛል" ነው የሚሉት። "እስቲ አያለሁ" ይላሉ። እኔ ግን ድምፁን አውቀዋለሁ፤ እኔም ልቀር ነበር። አስተባባሪ ባልሆን ኖሮ እቀር ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ። ልዩነቱ አለ፤ የለም አልልም። የራሱን መኪና እየነዳ የመጣ አለ። በአይሱዙ ጋቢና ተለምኖ የመጣም አለ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሰው ይለካካል። ጫማ ይታያል። "አሁን የት ነህ?" የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ መልሱ ሲነገር የጠያቂው ፊት ይታያል።

እኛ ይህንን ጥያቄ ለመከልከል አስበን ነበር፤ አይከለከልም። ያደረግነው በሩ ላይ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ "ስንተኛ ዶርም ነበርክ? ከማን በላይ ነበር የምትተኛው?" ሰው ያንን ሲመልስ ወዲያው ወሬው ወደዚያ ይሄዳል። ማን ያንኮራፋ ነበር፣ ማን ዳቦ ይደብቅ ነበር፣ ከከተማ ሲመለስ አጥር የዘለለው ማን ነው። እዚያ ላይ ባለመኪናውና ባለአይሱዙው እኩል ናቸው። እንዲያውም በትዝታ ሀብታሙ ባለአይሱዙው ሆኖ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት አንድ ገጠር ትምህርት ቤት ስላስተማረ ትዝታውን የሚሸፍንበት ሌላ ነገር አልመጣበትም። ሁሉም እሱን ነበር የሚጠይቀው።

መዋጮ ስንት ይሁን?

የመምህር ደመወዝ ታውቃላችሁ። እኛ 1,500 ብር አልን። ያልቻለ ለገንዘብ ያዧ ብቻ ይነግራታል፤ እሷ ለማንም አትናገርም። የከፈሉትን ዝርዝር ግሩፕ ላይ መለጠፍ ነውር ነው። ውጭ አገር ያሉት "ሁሉንም እኛ እንቻል" ሲሉ እምቢ አልን። ከወጪው ጥቂቱን ቻሉ፣ በቃ። ሁሉን የቻለ ሰው ሲመጣ እንግዳ ይሆናል እንጂ ጓደኛ አይሆንም። የባንክ ሂሳቡን በሦስት ሰው ስም አድርጉት። ቴሌብር በአንድ ሰው ስልክ ሲሆን፣ ገንዘብ ያዧ ታማኝ ብትሆንም ሐሜት አይቀርም።

የድሮ ፍቅረኛዬ ይመጣል። ባለቤቴን ልውሰደው?

ቅዳሜ የብቻችን፣ እሁድ ሐይቅ ከነቤተሰብ ብናደርገው ይሻላል። በቅዳሜው ወሬ ባልም ሚስትም ይሰለቻሉ። ፍቅረኛሽን በተመለከተ፣ እህቴ፣ ስታዪው ትረጋጊያለሽ። የእኔን አይቼው ነው የምናገረው።

የተጣላነው ሰው ካለስ?

እኔ ነበረኝ። ዕጣ የወጣ ቀን የልብ ጓደኛዬ ኮምቦልቻ አጠገብ ደረሳት፣ እኔ የሁለት ቀን መንገድ። "ሄደን እናመለክታለን፣ አንድ ቦታ እንሆናለን" ተባብለን ነበር። በነጋታው ሳትነግረኝ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ሠላሳ ዓመት ይህንን ይዤ ኖርኩ። ስንት ጊዜ በልቤ እንደተናገርኳት አትጠይቁኝ።

ሁለተኛው ቡና ላይ አነሳሁባት። ጭራሽ አታስታውሰውም። "እኔ? እኔ እንደዚያ አደረግኩ?" አለች። አልዋሸችም፤ ፊቷን አውቀዋለሁ። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ከዚያ ሲኒውን አስቀምጣ "ታዲያ አሁን ይቅርታ ልበልሽ?" አለችኝ። "ተዪው እንግዲህ" አልኳት። በረካው መጣ፣ ጠጣን። ታርቀናል ብላችሁ ጻፉት። ምክሬ ምን እንደሆነ እኔም አልገባኝም፤ ብቻ ሦስተኛው ቡና ሳያልቅ አንሱት።

ስለ ፖለቲካ ብንጣላስ?

ግሩፑ ላይ ክልክል አደረግነው። ሁለት ሰው ተቆጥቶ ወጣ፣ አንዱ ተመለሰ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ የደረሰባቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ቤቱ የተዘረፈ፣ ከነልጆቹ በእግሩ የወጣ፣ ዘመድ የቀበረ በመካከላችን አለ። ከሌላም ቦታ ተፈናቅሎ የመጣ አለ። እነዚህ ሰዎች ስላዩት ነገር ሲናገሩ ፖለቲካ አወሩ አይባልም። እነሱን ዝም ማሰኘት አልፈለግንም፤ የከለከልነው ከየትም እየጎተቱ የሚለጥፉትን ቪዲዮ ነው። ልዩነቱን ለማስከበር ጥርስ ያላት ሴት አድሚን አድርጉ።

ከአዲስ አበባ እንዴት እንምጣ? ምን እንልበስ?

በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በከሚሴ አድርጎ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ደሴ ያለ ሰው ጠይቁ። በአውሮፕላን ከሆነ የምታርፉት ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ጆሯችሁ ይደፈናል፤ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ነው የምትወጡት። ስለዚህ ኮምቦልቻ በሸሚዝ የነበራችሁ ደሴ ላይ ሹራብ ትፈልጋላችሁ። ማታ ጋቢ።

የሞቱትን እንዴት እናስባቸው?

እኛ ሻማና ፎቶ አስበን ነበር። ያደረግነው ግን ሌላ ነው፤ አላቀድነውም።

የሴክሽናችን አለቃ የነበረው ልጅ ስም መጥሪያውን በቃሉ ይዞታል። ከምሳ በኋላ አንዱ "እስቲ ጥራን" አለው፤ ለቀልድ ነው። ተነሳ። እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ፣ የምግብ ዝርዝሩን ወረቀት ገለበጠ። "ተራ ቁጥር 1!" ሲል አንዲት የልጅ ልጅ ያየች ሴትዮ "አቤት!" ብላ ከአግዳሚው ላይ ዘላ ተነሳች። ሳቅ ሆነ። 2 አቤት። 3 "ካናዳ ነው!" አለ አንዱ። 4 አቤት። 9 ላይ ማንም አልመለሰም።

ድሮ ሰው ሲጎድል አለቃው እስክሪብቶውን ያነሳና ክፍሉን አንዴ ቃኝቶ "ቀሪ" ብሎ ምልክት ያደርግ ነበር። አሁንም እስክሪብቶውን አነሳ። ቃኘን። "ቀሪ" ግን አላለም። ጥቂት ቆይቶ "10" አለ። በሴክሽናችን 48 ነበርን። አሥራ አንድ ጊዜ እንደዚያ ቆመ። አንድ ቦታ ላይ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለራሷ "ቀሪዎቹስ እኛ ነን" ስትል ሰማኋት።

ሲጨርስ ቄሱ ጸሎት አደረገ፣ ሐጂው ዱዓ አደረገ። አሜን ያልነው አንድ ላይ ነው። ወረቀቱን ማን እንደወሰደው አላውቅም። አሁን ከኔ ጋር ያለው የሁለቱ በግ ሒሳብ ብቻ ነው።

ዕቅድ አውጥተን ትምህርት ቤቱን ብንጎበኝስ?

ይቻላል፤ አስቀድማችሁ ደብዳቤ አስገቡ። የእኛ ማሠልጠኛ አሁን የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ነው፤ ዘበኛው እናንተን አያውቃችሁም። እኔ ዶርሙን ሳየው "ይህን ያህል ጠባብ ነበር?" አልኩ። ሁሉም እንደዚያው ይላል።

ቀጣዩ መቼ ነው?

በሁለት ዓመት እንላለን። አምስት ዓመት የሚሉ ነበሩ፤ አለቃው ነው እምቢ ያለው። ቦታው ኮምቦልቻ ይሁን ተብሏል፤ ጉልበታችን የደሴን ብርድና ዳገት አልወደደውም። ቀይ ክር የምታስረዋ ሴትዮ ከሥራዋ ተነስታለች። በረዶ ብቻ ትገዛለች፣ ስልኳን ይዛ።